ፍሬን ከኩርባው በፊት ነው

ሸሪፋ ማሽላ ውስጥ የገባችው ሐሙስ ዕለት ነው። በእግሯ ብትገባ ማንም ነገሬ አይላትም ነበር። የገባችው ግን ከነሞተሯ ነው።

ሞተሩ ደግሞ የእሷ አይደለም፤ የመሥሪያ ቤቱ ነው። ሸሪፋ የእንስሳት ሐኪም ናት። ኮምቦልቻ ተምራ ከተመለሰች ስድስት ወሯ፣ ሞተሩ ከተሰጣት ሦስተኛ ሳምንቷ። የክትባቱን የበረዶ ሳጥን ከኋላዋ አስራ፣ ከከሚሴ በላይ ዳገቱ ላይ ያሉትን ቀበሌዎች ስትዞር ትውላለች። ጠዋት ፍየል፣ ከሰዓት በሬ፣ ማታ ሪፖርት። ድካሙ አጥንቷ ውስጥ ገብቶ ጎጆ ቀልሷል። የመንጃ ፈቃዱን ፈተና ሜዳ ላይ ስምንት ቁጥር ዞራ አልፋለች። ሜዳ ላይ ግን ቁልቁለት የለም፤ ጠጠር የለም፤ ማሽላም የለም።

ስትወድቅ ምንም አልመሰላት፤ መነሳቱ ነው የከበዳት። የተሰባበረው አገዳ ላይ ተቀምጣ፣ የሂጃቧን አፈር እንኳ ሳታራግፍ፣ «እዚሁ ትንሽ ልተኛ ይሆን?» ብላ አሰበች። ወላሂ፣ የምሯን ነው።

«የመንግሥት ሞተር ማሽላ ይበላል እንዴ?»

ቀና አለች። አንድ ረጅም ወጣት ሞተሩን መንገድ ዳር አቁሞ ያያታል። ከኋላው አንድ ሙክት በገመድ ታስሯል። ሙክቱም ያያታል። ከሁለቱ ይበልጥ ያዘነላት ሙክቱ ይመስላል።

«ርቦት ነው» አለችው። «ያንተው ምን ይበላል? ምላስህን?»

ሳቀና ወርዶ መጣ። መጀመሪያ ሳጥኑን አየው።

«ክትባቱ አልፈሰሰም። አንቺስ?»

«እኔም አልፈሰስኩም።»

ሞተሩን ከአገዳው ውስጥ እየጎተቱ ሲያወጡ፣ ጎማው ጠጠሩ ላይ የጫረውን መስመር በጣቱ አሳያት።

«ፍሬን የያዝሽው እዚህ ነው። ኩርባው መሀል።»

«ታዲያ የት ልያዝ? እቤቴ?»

«ከኩርባው በፊት። አንዴ ከገባሽ በኋላ ሞተር ምክር አይሰማም።»

በዚያ መንገድ ላይ የዚህን ሰው ስም የሚጠራ የለም። ለሰንበቴ ገበያ ከየመንደሩ ሙክት የሚለቅም ሞተረኛ ነው፤ ሁሉም «ሱታ» ይለዋል። ሱታ በኦሮምኛ ቀስ ማለት ነው። ኩርባ በደረሰ ቁጥር ከኋላው ላስቀመጠው ሰውም፣ ለሙክቱም፣ ለራሱም «ሱታ፣ ሱታ» ይላል። እሷንም ሸሪፋ የሚላት የለም፤ «ሐኪሟ» ናት። እንዲህ ሆኖ ሁለት ሰዎች ስማቸውን ሳይነጋገሩ ስንት ሐሙስ ሊያልፍ እንደሚችል ብታውቁ ይገርማችኋል። ሰባት!

በሁለተኛው ሐሙስ ኩርባው አፍ ላይ ሞተሯን አስጠፍቶ አስቆማት።

«የመንገዱ ግራና ቀኝ ጠርዝ እዚያ ማዶ የሚገጥሙበት ቦታ ይታይሻል?»

«ይታየኛል።»

«ዓይንሽን ከሱ አትንቀዪ። ባለበት ቆሞ ከጠበቀሽ ኩርባው እየጠበበ ነው፤ ቀንሺ። እየሸሸ ከሄደ መንገዱ እየተከፈተልሽ ነው፤ ያኔ ቀስ እያልሽ ነዳጅ ስጪ።»

«መቆሙንና መሸሹን መለየት ቢያቅተኝስ?»

«ካቃተሽም ቀንሺ። ደግሞ በሌላ ሰው ፍጥነት አትግቢ። ከፊትሽ የሚሄደው ሰው ጭነቱ ሌላ ነው፣ ያንቺ ሌላ።»

ይቺን የመጨረሻዋን ሲናገር ዓይኑን ወደ ሜዳው አዞረ። ሸሪፋ አስተዋለች፤ ግን አልጠየቀችውም። የደከመው ሰው ጥያቄ አያበዛም።

በአምስተኛው ሐሙስ እጇ ላይ አንዲት ላም ሞተችባት። ባለቤቷ አሮጊት አላለቀሱም፤ ዝም ብለው ገመዱን ፈቱና ጠቀለሉት። ሸሪፋ ስትመለስ ሱታን ኩርባው ጋ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ሞተሯን አቁማ ከድንጋዩ ወዲያኛው ጫፍ ተቀመጠች። ከበታቻቸው የጨፋ ሜዳ ተዘርግቷል፤ የቦርከና ወንዝ ፀሐይ ሲያገኘው እዚህም እዚያም ብልጭ ይላል። 

«ደክሞኛል» አለች በመጨረሻ።

አይዞሽ አላላትም። አላህ ይተካል፣ ሥራ ነው፣ ይለመዳል፣ አንዱንም አላለም። ገመድ የፈገፈገውን መዳፉን አየና፣ «እኔም» አለ።

በቃ፣ ይኸው ነው። የሌላው ሰው ፍቅር በምን እንደሚጀምር እንጃ፤ የእነሱ በ«እኔም» ጀመረ። ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሲደርስ ሸሪፋ ሂጃቧን ሁለቴ መተኮስ አመጣች። እናቷ «ለፍየል ነው እንዲህ የምትቆነጂው?» ብትላት፣ «ፍየልም ዓይን አለው እማ» ብላ ወጣች።

በሰባተኛው ሐሙስ እዚያው ድንጋይ ላይ ሆነው፣ «ወንድሜን አንድ ቀን ከኋላዬ አስቀምጬ እዚህ ባመጣው» አለች።

«ምን ይከለክልሻል?»

«ሞተር ሲያይ ፊቱን ያዞራል። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ እኔ ኮምቦልቻ ሳለሁ፣ እዚሁ ኩርባ ላይ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ዛሬም በክራንች ነው። ረጀብ የሚሉት ጓደኛው ነው አሉ፣ ለሰንበቴ ገበያ ልቅደም ልቅደም ብሎ ያሯሯጠው። እናቴ ስሙን ስትሰማ ዛሬም ትተፋለች።»

የያዘው ገመድ ከእጁ ወደቀ።

«የጀሚል እህት ነሽ?»

«ጀሚልን ታውቀዋለህ?»

«ረጀብ እኔ ነኝ።»

ሙክቱ እንኳ ማመንዠኩን ያቆመ መሰላት።

«አሯሩጠኸዋል?»

«ከፊቱ ነበርኩ። እኔ ባዶዬን ነኝ፣ እሱ ሁለት ሙክት ጭኗል። በኔ ፍጥነት ገባ።»

«ታዲያ ከኋላህ እንዳለ እያወቅክ አትቀንስለትም?»

አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። ሸሪፋ ሄልሜቷን አደረገች።

«ደክሞኛል» አለች። የዛሬው «ደክሞኛል» ግን ሌላ ነበር፤ ረጀብም «እኔም» ለማለት አልደፈረም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሐሙስ በሌላ መንገድ ዞረች፤ አንድ ሰዓት የሚያስረዝም፣ አቧራው ሳንባ የሚሞላ መንገድ። በሁለተኛው ሐሙስ ማታ ስልኳ ላይ ከረጀብ መልእክት ገባ። «ነገ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ። ጀሚል እምቢ ካለ አፋር ወርጄ ሥራ እይዛለሁ፤ መንገድሽ ላይ አልቆምም።»

አባታቸው ስለሞቱ ኒካዋን፣ የጋብቻ ውሏን፣ የሚያስረው ጀሚል ነው። ሸሪፋ መልእክቱን ሦስቴ አነበበችና ጻፈች፤ «ጀሚል ካልፈቀደ አላገባህም።» ይኼ እምቢታ ይሁን እሺታ እሷም አላወቀችውም። ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ ተኛች።

በማግስቱ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ፊታውራሪያቸው ሼህ አብዱልጀሊል ናቸው፤ ጉልበታቸው ከታመመ ዓመታት አልፈዋል። እናቷ ሀዲጃ በርጩማ ደረደረች።

«ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ አንቱ ሼህ።»

«የመጣንበትን ሳትመልሱልን አንቀመጥም።»

እንግዲህ ወጉ ነው። ልጅ የሚጠይቅ ሽማግሌ እሺ እስኪባል ድረስ ይቆማል።

«ልጁ የማን ነው?» አለች ሀዲጃ፣ ፈገግ ብላ።

«ረጀብ ነው። ሙክት ነጋዴው።»

ፈገግታዋ እዚያው ደረቀ። «ልጄን ሽባ ያደረገው? አሁን ደግሞ ሴቷ ቀረችኝ ብሎ? እንግዲያው ቆማችሁ እደሩ!»

«ሀዲጃ፣ በአላህ…»

«እደሩ አልኩ!»

ሸሪፋ ከጓዳው በር ላይ ሆና ወንድሟን አየችው። ጀሚል ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል፤ ክራንቹ ጭኑ ላይ ነው። አንገቱን ደፍቷል። አንድ ቃል ካወጣ ሁሉም ነገር ያበቃል፤ ወይ በዚህ ወይ በዚያ።

«ሸሪፋ» አለ። «ሞተሩን አስነሺ።»

«የት ልትሄድ?» ጮኸች ሀዲጃ።

«መልሱን ላመጣ።»

«ኧረ ልጄ!» አሉ ሼሁ። «ጉልበቴስ?»

«አብሽሩ ሼህ፣ እንመለሳለን» አለ ጀሚል።

ጀሚል ከኋላዋ ተቀምጦ ጣቶቹን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ። ከከተማው ወጡ፤ አስፋልቱን ለቀው ጠጠሩን ያዙ። ሩብ ሰዓት ያህል ሲነዱ ኩርባው ታየ። የጀሚል ጣቶች ሥጋዋ ውስጥ ገቡ።

 ብቻዋን ስትሆን ከምትቀንስበት ቦታ ሃያ እርምጃ ቀድማ ቀነሰች፤ ዛሬ ሁለት ናቸው። ማርሽ አወረደች። ፍሬኑን ይዛ፣ ኩርባው ሳይጀምር ለቀቀችው። ዓይኗን ጠርዞቹ ከሚገጥሙበት ቦታ ላይ ተከለች። ቦታው ቆሞ ጠበቃት። እየጠበበ ነው። ነዳጁን አልነካችም። ታገሠች፣ ታገሠች… ከዚያ ቦታው ቀስ ብሎ መሸሽ ጀመረ፤ መንገዱ ተከፈተ፤ እሷም ነዳጅ ሰጠች። ሞተሩ እንደ ጥጋበኛ ድመት እያንኮራፋ ወጣ። ድንጋዩ ጋ አቆመች።

ጀሚል ጣቶቹን ከትከሻዋ አላቀቀ።

«ማን አስተማረሽ?»

«ታውቀዋለህ።»

ክራንቹን ተደግፎ ወረደና ወደ ኩርባው ዞረ።

«እጁን ዘርግቶ ነበር» አለ።

«ማን?»

«ረጀብ። ኩርባው ሳይደርስ ግራ እጁን ዘርግቶ እንዲህ፣ ወደ መሬት፣ ወደ መሬት አደረገው። ቀንስ ማለቱ ነው። አየሁት ሸሪፋ።»

«አይተህ?»

«ቀድሞኝ ሊሸጥ ነው፣ ሊያዘገየኝ ነው ብዬ ጨመርኩ።»

ነፋሱ ማሽላውን አንኮሻኮሸው።

«ሊጠይቀኝ መጥቶ እማ ደጃፋችን ላይ ውኃ ስትደፋበት እዚያው ነበርኩ» አለ ጀሚል። «ዝም አልኩ። እሱም ዓይን ዓይኔን አየና ዝም አለ። ነገ እናገራለሁ፣ ከነገ ወዲያ እናገራለሁ ስል ሁለት ዓመት ሆነኝ። ከእግሬ ይልቅ ያደከመኝ ይኼ ነው።»

ሸሪፋ ልትጮህበት አማራት። ጉልበት ፈለገች፣ አጣች። ያን ቀን የተከፈተውና የተዘጋው የረጀብ አፍ ትዝ አላት።

«ውጣ» አለችው።

«የት?»

«ሞተሩ ላይ ነዋ! ሼሁ ቆመዋል።»

ሲመለሱ በእርግጥም ቆመዋል። ሼህ አብዱልጀሊል ግድግዳውን፣ ሁለተኛው ሽማግሌ ሼሁን፣ ሦስተኛው ሁለተኛውን ተደግፈዋል። በርጩማዎቹ ባዶ ናቸው።

ጀሚልም አልተቀመጠም። እናቱ ፊት በክራንቹ ቆሞ፣ የረጀብ እጅ እንዴት እንደተዘረጋ ሳይቀር ሁሉንም ተናገረ። ሀዲጃ አላቋረጠችውም። ሲጨርስ የገዛ እጆቿን ገልብጣ አየች፤ ውኃ የደፉትን እጆች። ከዚያ ጎንበስ አለችና በሻሿ ጫፍ አንዱን በርጩማ ጠረገችው። ሼሁ እግር ሥር አስጠግታ አኖረችው።

«ተቀመጡ» አለች። ድምፅዋ አይሰማም ማለት ይቻላል።

ሦስቱም እኩል ዘፍ አሉ።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ሼህ አብዱልጀሊል። ለልጅቷ ይሁን ለጉልበታቸው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ሸሪፋ ደጅ ወጥታ ስልኳ ላይ አንዲት ቃል ጻፈች፤ «ና።» ሞተሯን ተደግፋ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን አንብቦ በአምስት ደቂቃ እየበረረ ይደርሳል። የምንናገረው ግን ስለ ሱታ ነው። አሥር ደቂቃ ሆነ። ሃያ ሆነ። እሷም የወራት ድካሟ ባንዴ መጣና፣ ራሷ የሞተሩ ወንበር ላይ ዘንበል አለ።

ረጀብ የሰፈሩ መታጠፊያ ጋ ሲደርስ ከሩቅ አያት። ሂጃቧ አንድ ዓይኗ ላይ ወርዶ፣ አፏ በትንሹ ተከፍቶ ተኝታለች። ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ፣ እንዳትነቃ ጠጠሩን እየመረጠ፣ መግፋት ጀመረ።

በሩ ላይ በክራንቹ የቆመው ጀሚል ሲያየው ቆየ። ከዚያ ግራ እጁን ዘረጋና ወደ መሬት፣ ወደ መሬት አደረገው።

ረጀብ ቀነሰ።