የቀኛዝማች ገብረ ራጉኤል ሁለት ፊደሎች

በ፲፱፻፷፱ ዓ.ም. የመጋቢት ወር ሲጋመስ፣ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ነፋስ የአሰላን ሰው ከነጋቢው በሚያንቀጠቅጥበት ሰሞን፣ ባላባት የተባለ ሁሉ መሣሪያውን እንዲያስረክብ ታዘዘ፤ ከሳጉሬም ከጮሌም የተለቀመው ጠመንጃ በጋሪ እየተጫነ መጥቶ በአንድ ግምጃ ቤት ግቢ ውስጥ እንደ ማገዶ ተከመረ። ውጅግራ ነበረ፤ ምንሽር ነበረ፤ አልቤን ነበረ፤ ከሁሉ የበዛው ግን ሕዝቡ «አሥር ጎራሽ» የሚለው፣ አፈሙዙ ከእንጨቱ እኩል ተቆርጦ አፍንጫው የደፈጠጠ፣ አሥር ጥይት የሚጎርስ እንግሊዝ ሠራሽ ጠመንጃ ነበረ።

ወይዘሮ አልጣሽ ገብረ ራጉኤል ከዚያ ግቢ በር ላይ ስንቅ ይዛ የምትቆመው ለታናሽ ወንድሟ ለካሣዬ ነው። ካሣዬ እዚያው ግቢ የታሰረው የአባቱን አሥር ጎራሽ በገብስ ጎተራ ውስጥ ደብቆ ስለተገኘ ነበር። መሣሪያ የደበቀ ሌላም ብዙ ሰው ነበረ፤ ያ ሁሉ ጥቂት ታስሮ ይለቀቃል። የካሣዬ ክስ ግን ሌላ ነው፤ ጠመንጃው ከወደቀው ንጉሥ በስም የተሸለመ ነው፤ እንግዲህ የያዘውም ሰው የዘውድ ጠበቃ ነው ተባለ፤ የዚህም ቅጣቱ ሞት ነበረ።

ይህን ክስ ያመጣባቸው ጠላት አልነበረም፤ የገዛ ቤታቸው ጉራ ነው። ቀኛዝማች ገብረ ራጉኤል ጣሊያን በወጣ ማግሥት ያን ጠመንጃ ከየት እንዳገኙት ማንም አያውቅም፤ በበቅሎ ለውጠውት ነው የሚሉም ነበሩ። ከማቀባበያው እጀታ ዝቅ ብሎ፣ በብረቱ አንገት ላይ፣ አንድ ዘውድ፣ ከዘውዱም ሥር ሁለት የፈረንጅ ፊደሎች ተቀርጸውበታል። እንግሊዝኛ የቀማመሰ አንድ አስተርጓሚ «ጂ ማለት ገብረ፣ አር ማለት ራጉኤል ነው፤ ዘውዱም የጃንሆይ ነው» ብሎ ቢፈታላቸው ሙክት አርደው አበሉት። ከዚያ ወዲያ በሰርግም ሆነ በተዝካር «ጃንሆይ ስሜን በብረት አስጽፈው የሸለሙኝ» ሳይሉ የተነሡበት ድግስ የለም፤ አገሩም ሰምቶ አመነ፤ ልጆቻቸውም አመኑ። አልጣሽ በልጅነቷ ከአባቷ ጭን ላይ ተቀምጣ ሁለቱን ፊደሎች በጣቷ ትከተል ነበር፤ ከእነሱ በቀር የፈረንጅ ፊደል አታውቅም።

አንድ ቀን ጧት በሩ ተከፍቶ ስትጠብቅ፣ ጉቱ ጠመንጃዎቹን በዓይነት በዓይነታቸው እየለየ በአጥሩ ሲያስደግፍ አየች። ጉቱ የድሮ ወታደር ነው፤ መሣሪያ ስለሚያውቅ እንዲለይ ታዝዞ ነበር። የአንዱ አሥር ጎራሽ አንገት በፀሐይ ሲያብረቀርቅ ዐይኗ አረፈበት፤ ዘውዱና ሁለቱ ፊደሎች አሉ። የአባቷ መሰላት። ከጎኑ ያለውን አየች፤ ያው ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያለውም ያው ነው።

«ጉቱ፣ የአባቴ ስም በሰው ሁሉ ጠመንጃ ላይ ምን ይሠራል?» አለችው።

ጉቱ ከሥራው ቀና አላለም፤ ድሮ «እሜቴ» ይላት የነበረውንም ትቶ፣ «የአባትሽ ስም አይደለም፣ ወይዘሮ» አላት፤ «የእንግሊዝ ንጉሥ ነው፤ ጂ ማለት ጆርጅ፣ አር ማለት ንጉሥ ነው። የመንግሥት ንብረት መሆኑ እንዲታወቅ ሲሠራ የሚመታበት ምልክት ነው። ጦር ቤት ሳለሁ ስንቱን ወልውያለሁ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልክ?»

«ማን ጠየቀኝ? አባቴ የእናንተ ጭሰኛ ነበር። ፊደሉን አያውቅም፤ ሰደፉን ግን በጀርባው ያውቀዋል።»

እውነት መሆኑን አልጣሽም ታውቃለች። ቢሆንም፣ «በሸንጎ ፊት ትናገርልኛለህ?» አለችው።

«ለካሣዬ አልናገርም። ስለ ብረቱ ከጠየቁኝ ግን፣ ወላሂ፣ አልዋሽም» አለ ጉቱ።

በማግሥቱ ስንቁን ስታቀብል ነገሩን ለካሣዬ አጫወተችው፤ ደስ የሚለው መስሏት ነበር። እሱ ግን ፊቱ ጠቆረ።

«እትዬ፣ የጭሰኛ ልጅ ያለሽን ይዘሽ መጣሽ?»

«በዐይኔ ነው ያየሁት።»

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። በአባባ ላይ ሰው ሲስቅ ቆሜ አላይም።»

«አንተ ግን ከመቃብር በታች ነው የምትውለው» አለችው፤ «የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ ይባላል። ስሙን ጣልላቸውና ነፍስህን አውጣ፤ አባባ እንደሆነ አንዴ ሞቷል።»

ካሣዬ አገልግሉን ተቀብሎ ጀርባውን ሰጣት። በደርግ ላይ ያላት ቁጣ የከረመ ነው፤ የዚያን ዕለት ግን በዚህ ደረቅ ወንድሟ ላይ የነደደችው በለጠ፤ እንደ ልጅነታቸው በኩርኩም ብላው ልቡን ብትመልሰው በወደደች ነበር።

ሸንጎው በሜዳ ላይ ተሰየመ። ሰብሳቢው ከአዲስ አበባ የመጣ ጓድ ሀይሉ የተባለ ካድሬ ነበር፤ የካሣዬን ጠመንጃ ከፍ አድርጎ፣ «ፊውዳሉ ንጉሥ ዘውዱንና የባሪያውን ስም የቀረጸበት መሣሪያ ይኸውላችሁ» ብሎ ለሕዝብ አሳየ። አልጣሽ ነጠላዋን አደግድጋ ከሕዝቡ መሐል ብድግ አለች።

«ጌታዬ፣ የቀሩትን አሥር ጎራሾችም ያስነሡልኝና አንገታቸውን ይዩልኝ። አባቴ ያን ሁሉ ጠመንጃ ከየት ያመጣል?»

ጉቱ ታዘዘና አንድ በአንድ እያነሣ አሳየ፤ ዘውድ፣ ጂ፣ አር፤ ደግሞ ዘውድ፣ ጂ፣ አር። የማን ስም እንደሆነ ሲጠየቅም እንደ ቃሉ ተናገረ። አንድ የጮሌ ሽማግሌ፣ «ለካ ቀኛዝማች እኛንም ሸልመውን ኖሯል» ቢል ሜዳው በሣቅ ተናጋ፤ ጠባቂዎቹ ሳይቀሩ ሣቁ። ጓድ ሀይሉም ሊሥቅ ከጀመረ በኋላ የሚሣቀው በእሱም ላይ መሆኑ ገባውና ፊቱን አጠቆረ።

«እንግዲያው ተከሳሹ በገዛ አንደበቱ ይናገር። የአባቴ ስም አይደለም ካልክ ክስህ መሣሪያ መደበቅ ብቻ ነው» አለው።

ካሣዬ የሚሥቀውን ሕዝብ ዞር ብሎ አየ፤ ጉቱንም አየ፤ እኅቱን ግን አላየም።

«የሌላውን አላውቅም። በእኔው ላይ ያለው የአባቴ ስም ነው፤ ጃንሆይ ናቸው የሰጡት።»

አልጣሽ «ውሸቱን ነው፤ ጉራ ነው፣ ጉራ ነው የያዘው» እያለች ወደ ፊት ስትገፋ ጠባቂዎች መለሷት። ጓድ ሀይሉ ፊደሎቹ የማን እንደሆኑ ከማንም ጋራ እኩል በዐይኑ አይቷል፤ ግን የሰማውን እንጂ ያየውን አልፈረደም፤ ከተሣቀበት በኋላ ሰው መግደል ቀለለው። ካሣዬ በዚያው ሳምንት ተረሸነ። ከሕዝብ ፊት የተነበበውም መግለጫ «ከወደቀው ንጉሥ በስሙ የተቀረጸ መሣሪያ በተሸለመ አድኃሪ ቤተሰብ ላይ አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደ» የሚል ነበር። ማልቀስ ተከለከለ፤ አልጣሽም አላለቀሰችም፤ ጥርሷን ነክሳ ገብሷን ፈጨች።

ደርግ በወደቀ ጊዜ፣ በ፲፱፻፹፫ ዓ.ም.፣ የሳጉሬ ዘመድ ተሰብስቦ የዘገየውን ለቅሶ ተቀመጠ። አልቃሿ መሐል ገብታ ደረቷን እየደቃች እንዲህ አወረደች፤

«ስሙ ከነዘውዱ የተቀረጸለት፣
የአባቱን ጠመንጃ ሳይክደው ሞተለት።»

ሰው ሁሉ ተንሰቀሰቀ። አልጣሽ ተነሥታ፣ «ስሙ አይደለም፤ የእንግሊዝ ንጉሥ ነው» አለች፤ ዘመዶቿም ኀዘን አእምሮዋን ነክቶታል ብለው በክንዷ ይዘው አስቀመጧት። ሊያስተዛዝን የመጣው ጉቱ፣ ጠጉሩ ሸብቶ፣ አጠገቧ መጥቶ ተቀመጠ።

«ተዪው፣ ወይዘሮ። አሁን ማንን ያድናል?» አላት።

«ያኔ ያድን ነበር» አለችው።

ነገር በሁለት ምስክር ይጸናል ይባላል፤ በሌላው ነገር ሁሉ የማይስማሙት ገዳይና አልቃሽ በዚህች በአንዲቱ ሐሰት ላይ ሳይለያዩ መሰከሩ፤ አገሩም የሁለቱን ቃል ይዞ ቀረ።