በገመዱ የወረደው

እንግዳወርቅ በሃያ ስድስት ዓመት ሥራው ያልሰለቸው ነገር ቢኖር ወንበሩ ብቻ ነው። የሬዲዮ ጣቢያው ቤት ተራራው ጫፍ ላይ፣ ከማማው እግር ሥር ነው፤ መስኮቱን ከጧት ጀምሮ ጉም ሸፍኖታል፣ ክፍሉም እርጥብ ብርድ ልብስና የሞቀ ፕላስቲክ ይሸታል። ስፔክትረም አናላይዘር በሚባለው የሞገድ መለኪያ መሣሪያ ወደ አንቴናው ገመድ ሞገድ ይልካል። ገመዱ ጤነኛ ከሆነ ሞገዱ ሄዶ ይቀራል፤ የተጎዳ ቦታ ካለ ግን ከዚያ ተመልሶ ይመጣና ስክሪኑ ላይ እንደ ጉብታ ብቅ ይላል፣ ከክፍሉ ያለው ርቀቱም በሜትር ይነበባል።

ጉብታው ስልሳ ሜትር ላይ፣ ልክ ማማው ጫፍ ላይ ነበር። ሊጠግን የወጣው ተረዳ የሦስት ልጆች አባት ነው። ጧት ሚስቱ “ጋሼ፣ አደራዎን” ብላ ስትሸኛቸው፣ እንግዳወርቅ ሸክም የተጨመረበት ያህል ከብዶት ነበር።

አሁን ጉብታው ሃምሳ ሦስት ላይ ነው። የገመድ ጉዳት ደግሞ ቦታውን አይለቅም።

“ተረዳ፣ ገመዱን ነካኸው እንዴ?” አለ በእጅ ሬዲዮው።

“ኧረ አልነካሁም ጋሼ። ጫፉ ላይ ነኝ፣ ብሎን እያጠበቅሁ ነው።”

ከመለካት በፊት መሣሪያውን ካሊብሬት ማድረግ፣ ልኬቱን ማስተካከል፣ ግዴታ ነው። ዛሬ ግን ጉልበቱን አሞት፣ ስንፍናም ይዞት ዘሎታል። ጥፋቱ የራሱ መስሎት ለተረዳ መናገር አሳፈረው። ቁጥሩ አርባ አራት ገባ፣ ትንሽ ቆመ፤ ሠላሳ ስምንት ገባ፣ ደግሞ ቆመ። በየመሰላሉ ማረፊያ ትንፋሹን የሚሰበስብ ሰው ይመስላል።

ሬዲዮው ተንሿሿ። “እሺ ጋሼ፣ መጣሁ” አለ ተረዳ።

እንግዳወርቅ ምንም አላለውም ነበር። ደክሞታልና ነገሩን ተወው።

በመጨረሻ ግን አላስችል አለው። ገመዱን ነቅሎ፣ መሣሪያውን እንደ ደንቡ ካሊብሬት አድርጎ፣ መልሶ ሰካው። አሥራ አንድ ሜትር። መሣሪያው አልተሳሳተም። ያን ጊዜ ፈራ፣ ዝም ብሎ በመቆየቱም ራሱን ጠላ። ውጭ የብረት መሰላሉ ከአንድ ሰው በላይ የተሸከመ ይመስል ቀስ እያለ ያቃስታል። ሰባት። አራት። ተነሥቶ በሩን ቀረቀረና ሬዲዮውን ወደ አፉ አስጠጋ።

“ተረዳ! ካለህበት እንዳትነቃነቅ! ማንም ቢጠራህ እንዳትወርድ!”

ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ዜሮ ሆነ። የበሩ እጀታ በዝግታ ዞረ፣ አልከፈት ሲልም ተመለሰ።

“ማን ልበል?” አለ ተረዳ፣ ድምፁ ከሬዲዮውም ከበሩ ማዶም እየመጣ። “ጋሼ እንግዳወርቅ እዚሁ ከኔ ጋር ናቸው፤ ራሳቸው ወጥተው አወረዱኝ። ከውስጥ የቆለፍከው አንተ ማነህ?”