በመጀመሪያ የፓነሉ ገመድ

«ይህ መብራት እስከ ንጋት ይዘልቃል?» አለ ቱታ የለበሰው ሰው።

«ፀሐይ ከጠገበ ይዘልቃል።»

የይለፍ ቃሉ ልክ ነው። ዙለይካ መፍቻዋን ይዛ ከምሰሶው ሥር ተነሳች። እኩለ ቀን ነው፤ የቡልቡላ ፀሐይ አናት ይበሳል። የከተማው ሰው ላለፉት ስድስት ወራት የመንገድ ዳር ሶላር መብራት ጠጋኝ አድርጎ ነው የሚያውቃት። የደኅንነት መሥሪያ ቤቷ ግን «ጥላ» ይላታል። ሒጃቧ ጠርዝ ላይ የሰፋችው ሚሞሪ ካርድ ሕገወጥ መሣሪያ የሚቀበሉ ሰዎችን ስምና ፎቶ ይዟል። የሰጣት የአዘዋዋሪዎቹ ሾፌር ጫላ ነው። ይህ ባለ ቱታ ደግሞ ካርዱን እንዲረከባት አለቃዋ ደሊል ከአዳማ የላከው ባለሙያ።

«ሰው እንዳይጠረጥረን ሥራ እንያዝ» አለ ሰውየው። ሳጥኑን ከፍቶ የባትሪውን ገመድ ነቀለ።

ዙለይካ ደነገጠች።

በጠራራ ፀሐይ ባትሪውን አስቀድሞ የሚነቅል ባለሙያ የለም። በመጀመሪያ የፓነሉ ገመድ ነው፤ አለዚያ የፓነሉ ኃይል መሄጃ አጥቶ የቻርጅ መቆጣጠሪያውን ያቃጥለዋል። ይህን ያስተማራት ራሱ ደሊል ነበር። እሱ ያሠለጠነው ሰው እንዲህ አይሳሳትም። የይለፍ ቃሉን የሚያውቁት ደግሞ እሷና ደሊል ብቻ ናቸው።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ።

«ካርዱስ?»

«ላይ ነው፣ ከአምፖሉ ጀርባ። ውጣና አውርደው፤ እኔ መሰላሉን ልያዝልህ።»

ወጣ። ሁለት እጁ አምፖሉን ሲጨብጥ መሰላሉን ሳበችው።

ምሰሶውን አቅፎ ቀረ። ሽጉጥ ቢይዝ እንኳ ማውጫ እጅ አልተረፈውም። መንገደኛው ሊያወርደው ሲሯሯጥ እሷ ወደ አዳማ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባች።

ለጫላ የደወለችው ባቱን ካለፉ በኋላ ነው።

«ጫላ የለም» አለ የማታውቀው ድምፅ። «ማን ልበል?»

ዘጋችው። እስካሁን አዘዋዋሪዎቹ ጫላን ያልነኩት ካርዱ እጃቸው እስኪገባ ብለው ነበር። ባለ ቱታው ከምሰሶው ወርዶ ሳይደውልላቸው፣ እሷ ቀድማ ለጫላ መደወል ነበረባት። በመጀመሪያ ግን ራሷን አሸሸች።

«ወራጅ አለ?» አለ ረዳቱ።

ስልኳን አጠፋችው። ማልቀስ ፈለገች፤ እንባው አልመጣም። ውስጧ በድን ሆኖ ነበር።

አዳማ ላይ ካርዱን ለደሊል የበላይ በእጇ አስረከበች። በማግስቱ ስድስት ሰዎች ተያዙ፤ ሰባተኛው ደሊል ነበር።

«ሥራሽ ተጠናቋል» አሏት የበላዩ። «ዱከም አዲስ መታወቂያ ይጠብቅሻል። ዙለይካ የምትባል ሴት የለችም።»

«እሺ።»

በአራተኛው ቀን፣ ማንንም ሳታስፈቅድ፣ ኩየራ ወረደች። የጫላ ቤተሰብ ደጅ የለቅሶ ድንኳን ተጥሏል። ወንበሩ ግማሽ በግማሽ ባዶ ነው። ገብታ ተቀመጠች። እናቱ አዴ ኤቢሴ አጠገቧ መጡ።

«ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ ጫላን በምን ታውቂው ነበር?»

ልጅዎ ጀግና ነበር ማለት አማራት። ያስገደልኩት እኔ ነኝ ማለትም።

«አላውቀውም እማማ። መንገደኛ ነኝ፤ ለቅሶ አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ ከብዶኝ ነው።»

አሮጊቷ እጇን ይዘው ሳሙት።

«ጌታ ይባርክሽ። የሚያውቁት ሁሉ ፈርተው ቀሩ። አንቺ ሳታውቂው መጣሽለት።»

እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች። ከዚያ ወደ መንገዱ ወጥታ የዱከም መኪና መጠበቅ ጀመረች።