«የለም» የተባለው ቃል

«የለም። እዚህ ውስጥ እንዲህ የሚባል ቃል የለም» አሉ የእንግሊዝኛው መምህር፣ የትምህርት ቤቱን መዝገበ ቃላት እየዘጉ።

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። መድረኩ ላይ የቆመው ልጅ ወደ መምህሩ ዞረ። «ኦቨርሞሮው አለ፣ ቲቸር። ከነገ ወዲያ ማለት ነው። ድሮ ይሉት ነበር» አለ።

«ፋብሪካው ዛሬም አመረተ» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁ እንደገና ፈነዳ።

ልጁን ፋብሪካ ያሉት ያለ ነገር አልነበረም። ሰባተኛ ክፍል እያለ ሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት ከራሱ ፈጥሮ ድርሰቱ ውስጥ ሲከት ተይዟል። ከዚያ ወዲህ እውነት ቢናገርም የሚያምነው ጠፋ።

የብርቅዬ ቃላት ውድድሩ ሕግ ቀላል ነው። ተወዳዳሪው ብዙ ሰው የማያውቀውን የእንግሊዝኛ ቃል ከነትርጉሙ ይናገራል፤ መምህሩ መዝገበ ቃላት ገልጠው ያመሳክራሉ፤ የሳተ ይወጣል። ያሸነፈ ትምህርት ቤቱን ወክሎ ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ጋር ይወዳደራል። ከአርባ ልጆች የቀሩት ሁለት ነበሩ፤ ፋብሪካና ሙጫ።

ሙጫ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት። እናቷ መጽሐፍ ጠራዥ ስለሆነችና እሷም ስለምታግዛት እጇ ዘወትር ሙጫ ሙጫ ይሸታል። ያነበበችው ነገር ደግሞ ተጣብቆ ይቀራል፤ ቅጽል ስሟን ትወደዋለች። ቅድም «ግሎሚንግ፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጨለማው ሳይደርስ ያለው ደብዛዛ ብርሃን» ስትል ድምጿ ንቅንቅ አላለም። አሁን መምህሩ አሸናፊ ናት ብለው እጇን ወደ ላይ ሲያነሱት ግን ዓይኗ ፋብሪካ ላይ ቀረ።

ኦቨርሞሮውን ታውቀዋለች። ባለፈው ቅዳሜ እናቷን ሱቅ ውስጥ ስታግዝ፣ የአንድ ግዙፍ አሮጌ መዝገበ ቃላት የተቀደደ ገጽ ስትለጥፍ አይታዋለች። ከቃሉ ፊት ትንሽ የመስቀል ምልክት አለችበት፤ ከአገልግሎት የወጣ ቃል ማለት ነው።

አፏን ልትከፍት ስትል ጓደኞቿ መድረኩ ላይ ወጥተው አቀፏት። ቃሉን ሳትናገር አብራቸው ወረደች።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ ሱቁ ውስጥ ያንኑ አሮጌ መዝገበ ቃላት ከመጭመቂያው አውጥታ ጀርባውን በጨርቅ ትወለውል ነበር። ሙጫ ቦርሳዋን ሳታወርድ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት።

«እና ቃሉን እያወቅሽ ነው ዝም ያልሽው?» አለች እናቷ፣ ቀና ሳትል።

«ማንም አልጠየቀኝም፣ እማዬ።»

«እሱስ ልክ ነሽ፤ ማንም አይጠይቅሽም። የመጽሐፉ ባለቤትም አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጥተው ይወስዱታል።»

ሙጫ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ይላል። ሩብ ሰዓት ብቻ ዝም ብትል መጽሐፉ ይሄዳል፤ ነገሩም አብሮት ይሄዳል። ነገ ስሟ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል። ሦስት ወር ሙሉ ቃል ስትለቅም ሁለት ደብተር ጨርሳለች፤ የለፋችበት ነው።

ግን ፋብሪካ ከመድረኩ የወረደበት ሁኔታ ከዓይኗ አልጠፋ አላት። ከማንም ጋር አልተከራከረም። ውሸታም መባልን የለመደ ሰው አወራረድ ነበር። ልታሸንፈው ትችላለች፤ ይህን አትጠራጠርም። የከነከናት ገና ያላሸነፈችው መሆኑ ነው።

የመጽሐፉ ባለቤት፣ ጡረታ የወጡ አስተርጓሚ፣ ባርኔጣቸውን እያወለቁ ገቡ።

«አባባ፣ መጽሐፉን እስከ ነገ ምሳ ሰዓት ያውሱኛል?» አለች ሙጫ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳታስጨርሳቸው።

«ምን ልትሠሪበት ነው፣ የኔ ልጅ?»

ገጹን ገልጣ በጣቷ አሳየቻቸው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡና ከት ብለው ሳቁ። «አርባ ዓመት ሙሉ ‹ከነገ ወዲያ›ን ወደ እንግሊዝኛ በአራት ቃል ስጎትት ኖሬአለሁ። ይኼ ጉደኛ ለካ እኔው ቤት ተኝቷል።» መጽሐፉን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። «ብቻ ዝናብ እንዳይነካው።»

በማግስቱ ጠዋት መጽሐፉን ታቅፋ መምህራን ክፍል ገባች። መምህሩ ገጹን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ውጤቱን ለርእሰ መምህሩ ነግሬአለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ይህን ባታመጪው የሚያነሳው ሰው አልነበረም።»

«ሳይለጠፍ ልድረስ ብዬ ነው በጠዋት የመጣሁት፣ ቲቸር። ውድድሩ ይደገም።»

ፋብሪካ ወሬውን ሰምቶ ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት። መጀመሪያ ጫማውን፣ ቀጥሎ መስኮቱን አየ። «ናይስ ልጅ ነሽ» አላት በመጨረሻ።

«ናይስ ድሮ ጥሩ ሳይሆን ጅል ማለት ነበር፤ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። ሁለቱንም ማለቴ ነው።»

ሙጫ ሳቋ አመለጣት። «ጅልም ብሆን ውድድሩን አልለቅልህም።»

«ማን ልቀቂልኝ አለሽ?»

በእረፍት ሰዓት አዳራሹ እንደገና ሞላ። መምህሩ ትልቁን መጽሐፍ ገልጠው ኦቨርሞሮውን ከነትርጉሙ ጮክ ብለው አነበቡ፤ «ትናንት የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አሉ። የሳቀ ሰው አልነበረም። ፋብሪካ አንገቱን ቀና አደረገ።

«ዛሬ ቃሉን የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ትርጉሙን እናንተ ትነግሩኛላችሁ። ቀድሞ የሳተ ተሸነፈ» አሉ መምህሩ። «ማን ይጀምር?»

ሁለቱ ተያዩ። ጀማሪው ከሳተ ሌላው አፉን ሳይከፍት ያሸንፋል፤ ይህ ለማንም ግልጽ ነው።

ሙጫ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣች።

«እኔ» አለች።