የባዶው ሲሊንደር አዎታ

ይህ የሆነ ነገር ነው።

ተረት ያማረው ሌላ ቦታ ይሂድ። እኔ የምነግራችሁ ነገሩ ከደረሰባት ከራሷ፣ ከእትዬ ዘነበች አፍ የሰማሁትን ነው። አንድም አልጨመርኩም።

ዘመኑ 1957 ዓ.ም.፣ ወሩ ሚያዝያ። ቦታው ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም የማይርቅ ቤት።

ሰዓቱ... ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

አዎ፣ በቀን። የሚያስፈራ ነገር በሌሊት ብቻ ይመጣል የሚል ሰው ድሬዳዋን በስምንት ሰዓት አያውቃትም። ምሳ ከተበላ በኋላ ሱቁም ቢሮውም ይዘጋል። ሰውም ውሻም ጥላ ፈልጎ ይጋደማል። እስከ አሥር ሰዓት መንገዱ ላይ የሚታይ ሰው የለም። ያን ጊዜ ከተማዋ ውስጥ የሚሰማው የራስ ትንፋሽ ብቻ ነው።

ዘነበች ያኔ የሠላሳ ሁለት ዓመት ሴት ነበረች። ስለዚህ በዚህ ታሪክ አንቱ አልላትም፤ ብትቀየመኝም ትቀየመኝ።

ልብስ ሰፊ ናት። እናታቸው ስትሞት ታናሽ ወንድሟ ክፍሉ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። እሷ አሳደገችው። ሁለት ጊዜ ለጋብቻ ተጠይቃ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ መልሳለች፤ «ልጁን በማን ላይ ጥዬ?» እያለች። በዓለም ላይ ያላት እሱ ብቻ ነበር። ይህን ልብ በሉ።

ልጁ አድጎ ባቡር ጣቢያ ቲኬት ቆራጭ ሆነ። ባሕር አይቶ አያውቅም፤ ግን በባሕር ተለክፎ ነበር።

ነገሩ የመጣው ከአንድ የፈረንሳይ መጽሔት ነው። በውቅያኖስ መካከል እንደ ቀለበት የከበቡ የኮራል ደሴቶች፣ ውሃ ውስጥ ደግሞ ጀርባው ላይ ብረት አዝሎ ከዓሣ ጋር የሚዋኝ ሰው። ገጹን ቀዶ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። እዚያ የሚያደርሰው መርከብ የሦስት ዓመት ደመወዝ ይበላል ሲሉት አንድ ሳምንት ሙሉ አኮረፈ።

መላውን ያመጣው ጓደኛው ዳሂር ነው። ዳሂር የዕቃ ባቡር ላይ ፍሬን ያዥ ነበር። ሳቂታ፣ ረጅም፣ ዘነበችን በሶማሊኛ «አባዮ» እያለ የሚጠራ፣ እህቴ ማለቱ ነው።

«አቦ፣ ምን ሩቅ ያስኬድሃል? ጅቡቲ ፊት ለፊት ኮራል አለ አይደል እንዴ? ባቡሩ ለኛ በነፃ። አክስቴ ሃዎ ጣሪያ ላይ እንተኛለን። ባሏ ጀልባ አለው። ወላሂ፣ ከቆሎ በስተቀር ምንም አታወጣም።»

ይህን የተማከሩት ከምሳ በኋላ፣ በርጫ ላይ፣ ጫታቸውን ይዘው ነው። ዘነበች ስፌቷ ላይ ሆና ሰማች፤ ግድም አልሰጣት። የምርቃና ዕቅድ ማታ ላይ ይከስማል። ስንቱ ሰው በርጫ ላይ ፎቅ ሠርቶ ጠዋት ኪራይ ቤቱ ውስጥ ተነሥቷል።

ይህኛው ግን አልከሰመም...

በሳምንቱ ዳሂር ከጅቡቲ ሲመለስ አንድ ነገር በጆንያ ጠቅልሎ አመጣ። ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ በፍየል ዋጋ የገዛው ነው። የብረት ሲሊንደር፣ ከሱ የወጡ ሁለት የተሸበሸቡ የጎማ ቱቦዎች፣ ቱቦዎቹ የሚገናኙበት ደግሞ ጠላቂው በጥርሱ የሚነክሰው ጎማ። ያለው አንድ ብቻ ነው፤ በየተራ ሊወርዱበት።

«ባለቤቱስ?» አለች ዘነበች።

ዳሂር ትከሻውን ነቀነቀ። «አንድ ፈረንሳዊ ነው። አይፈልገውም አሉ።»

ክፍሉ የሚነከሰውን ጎማ አገላብጦ አየ። የጥርስ ምልክት ነበረበት። ጥልቅ ነው፤ በአንድ ወገን ጎማው ተበስቷል።

«ፈረንሳዩ ርቦት ነበር» ብሎ ሳቀ።

ሲሊንደሩ ባዶ ነበር። አየር የሚሞላው ጅቡቲ ነው። ሳሎን ውስጥ፣ በሩ አጠገብ፣ ሚስማር ላይ ሰቀሉት።

በማግስቱ ሦስቱም ሳሎን ነበሩ።

«እንግዲህ ሐሙስ እንሳፈር?» አለ ክፍሉ።

«ህእ...»

አየር ወደ ውስጥ ሳብ ያደረገ ድምፅ። እኛ አዎ ለማለት እንደምናደርገው።

ዳሂር ሳቀ። «እናንተ ሰዎች አዎ ስትሉ ነፍሳችሁ ልትወጣ የደረሰ ነው የሚመስለው። እኛ ሃ እንላለን፣ አለቀ። ግን አባዮ፣ አንቺ ደግሞ መቼ ፈቀድሽ?»

ዘነበች ቀና አለች። አፏ ውስጥ መርፌ ይዛ ነበር።

ክፍሉ ነው ብላ አሰበች። ክፍሉ ደግሞ እሷ ናት ብሎ አሰበ። ዳሂር እንደሆነ በትንፋሽ አይናገርም... ማንም አልጠየቀም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕቃው ሥር ወለሉ መርጠብ ጀመረ።

ድሬዳዋ ልብስ አጥበህ ሳትጨርስ የመጀመሪያው የሚደርቅበት አገር ነው። እዚህ ወለል ላይ ግን በየቀኑ፣ በስምንት ሰዓት፣ የመዳፍ ያህል ውሃ። ዘነበች በጣቷ ነክታ ቀመሰችው። ጨው ነው።

ጨርቅ አምጥታ ወለወለችው። ለማንም አልተናገረችም።

ማክሰኞ...

ምሳ ተበልቶ ዘነበች ጓዳ ተጋድማለች። በጓዳውና በሳሎኑ መካከል ያለው መጋረጃ ብቻ ነው። ክፍሉን ሳሎን ምንጣፉ ላይ ተጋድሞ ትታው ነው የገባችው።

«ክፍሉዬ» አለች በሹክሹክታ። «ነቅተሃል?»

«ህእ...»

«ይሄ ባሕር አስፈርቶኛል። ባይቀርህ እንኳ ብቻህን አትሂድ። ዳሂር አብሮ ይወርዳል አይደል?»

«ህእ...»

«አብራችሁ ትመለሳላችሁ?»

ዝም።

«ክፍሉ? አብራችሁ ትመለሳላችሁ ወይ?»

ዝም...

ያን ጊዜ የውጪው በር ተከፈተ።

ክፍሉ ነው። ጆሮው ድረስ ላብ አጥምቆታል፤ ከቀፊራ ገበያ የገዛውን ማንጎ በዘንቢል ይዟል።

«እትዬ፣ አልተኛሽም እንዴ?» አላት። «ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

ምንጣፉ ባዶ ነበር። ሳሎን ውስጥ ሚስማሩ ላይ ከተሰቀለው ዕቃ በቀር ምንም የለም።

ሌላ ሴት ብትሆን ጮኻ ጎረቤት ትጠራ ነበር። ዘነበች ግን ልጅ ያሳደገች ናት። ልጅ ያሳደገ ሰው ከመጮኹ በፊት ይጠይቃል።

ረቡዕ፣ ክፍሉ የነፃ ጉዞ ወረቀቱን ለማስጨረስ ለምሳ ሳይመለስ ጣቢያ በዋለበት፣ በስምንት ሰዓት በርጩማ ስባ ዕቃው ፊት ተቀመጠች።

«ማን ነህ?»

ዝም።

«ምን ትፈልጋለህ?»

ዝም። ከዚያ ገባት። እሱ የሚያውቀው አዎ ማለትን ብቻ ነው። ጥያቄውም እንደዚያው መሆን አለበት።

«ውሃ ውስጥ ነህ?»

«ህእ...» ከቱቦው ጫፍ አንድ ጠብታ ወደቀ።

«ሰው ትፈልጋለህ?»

«ህእ...»

በርጩማውን አንድ ክንድ ወደ ኋላ ሳበችው።

«ክፍሉን ነው?»

ዝም።

«ወንድሜን ነው ወይ?»

ዝም።

ሦስተኛ ጠየቀች። ዝም። እንባዋ መጣ፤ «ተመስገን» አለች። ደስ አላት። ይህን ስትነግረኝ ፊቷን አዙራ ነው፤ ግን ነገረችኝ። ደስ አለኝ አለች።

ከዚያ፣ መጠየቅ ስለነበረባት ሳይሆን ማወቅ ስለፈለገች...

«ዳሂርን ነው?»

«ህእእእ...»

ረጅም ነበር። ሁለቱ ቱቦዎች ተኮማትረው ወደ ውስጥ ተሳቡ።

ልጣለው ብላ አሰበች፤ ደረቁ ወንዝ፣ ዴቻቱ አሸዋ ውስጥ ልቅበረው። ግን አሁን ማንን እንደሚፈልግ ታውቃለች። ከጣለችው ማንን እንደሚፈልግ አታውቅም። ለዳሂር ብትነግረው ደግሞ እሱ ይቀራል፤ ክፍሉ ግን ብቻውንም ቢሆን ይሄዳል። ያን ጊዜስ?

ማታ ሁለቱ ማን መጀመሪያ ይውረድ እያሉ ሲከራከሩ ዘነበች ከስፌቷ ቀና አላለችም።

«መጀመሪያ ዳሂር ይውረድ» አለች። «ባሕሩን የሚያውቀው እሱ ነው።»

«ሃ» አለ ዳሂር፣ ደስ ብሎት። «አባዮ እውነቷን ነው።»

ሐሙስ ጠዋት ጣቢያ ድረስ ሸኘቻቸው። ዳሂር ነጭ ሸሚዝና አዲስ ሽርጥ ለብሶ ነበር። ባቡሩ ሊንቀሳቀስ ሲል በመስኮት ጎንበስ አለ።

«ለወንድምሽ አትስጊ። ባሕሩን እኔ ቀድሜ አየዋለሁ፤ ደህና ካልሆነ እሱን አላወርደውም። ከጅቡቲ ምን ላምጣልሽ?»

«ምንም» አለች።

ባቡሩ ሄደ።

ሰኞ ክፍሉ ብቻውን ተመለሰ።

በአራተኛው ቀን፣ ግድግዳውን እያየ፣ እንዲህ አላት።

ጠዋት ነበር። ውሃው እንደ መስታወት ጠርቷል፤ ጥልቀቱ ከሁለት ሰው ቁመት አይበልጥም። ዳሂርን ከጀልባው ላይ ሆነው ያዩታል፤ ኮራሉ ላይ ቆሞ እጁን አውለበለበላቸው። ክፍሉ ገመዱን ለማስተካከል ዓይኑን አነሣ። መልሶ ሲያይ ዳሂር የለም።

ገመዱን ጎተቱት። ዕቃው ወጣ።

«ማሰሪያው አልተፈታም እትዬ» አለ ክፍሉ። «ደረቱ ላይ እንዳሰርኩለት፣ እንደተቆለፈ ነው የወጣው። ውስጡ ግን ሰው የለም...»

ጀልባዋ ሦስት ቀን ፈለገች። አልተገኘም። ዕቃውን ክፍሉ እዚያው ወርውሮት መጣ።

በሳምንቱ የዳሂር እናት ሳሕራ መጡ። አሮጊት ናቸው፤ ውሃ እንኳ አልጠጣም አሉ። በርጩማው ላይ ተቀመጡ፣ ዘነበች ተቀምጣበት በነበረው ላይ።

«ልጄ ቀብር የለው» አሉ። «ክፍሉ ነገረኝ፤ አንቺ አልሽ አሉ፣ ዳሂር መጀመሪያ ይውረድ። እኔ ቂም አልያዝኩም ልጄ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። የምታውቂው ነገር ነበረ?»

ዘነበች የሴትዮዋን እጅ ያዘች። እጃቸው ሞቃት ነበር።

«አላውቅም እማማ» አለች። «በምን አውቃለሁ?»

ሳሕራ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መረቋት፤ ሄዱ።

በማግስቱ... በስምንት ሰዓት...

ዘነበች ጓዳ ሆና የመስኮቱን መዝጊያ ገፋ አደረገች። መንገዱ ጭር ብሏል። ከቤቷ ፊት ለፊት፣ በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ሰው ቆሟል።

ነጭ ሸሚዝ። አዲስ ሽርጥ።

ዳሂር ነው። አልረጠበም። አልገረጣም። ግን ጉንጮቹ ተነፍተዋል፣ ከንፈሮቹ ተጣብቀዋል፣ ደረቱ አይነቃነቅም። ትንፋሹን ይዟል።

የሚያየው የእሷን መስኮት ነው።

እስከ አሥር ሰዓት ቆመ። ሱቆች መከፈት ሲጀምሩ የለም።

በማግስቱም መጣ። በሦስተኛውም። በአርባኛውም። ክፍሉ ምንም አይታየውም።

አንድ ቀን አልቻለችም። በሩን ከፍታ ወጣች። መሬቱ እግር ይጠብሳል። መንገዱን ተሻገረች፤ ከጥላው ጫፍ ደርሳ ፀሐዩ ላይ ቆመች።

«ዳሂር» አለች። «አውቅ ነበር።»

ዳሂር አልተነፈሰም።

አያት... አያት...

ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ አለ፤ ጥላው ውስጥ፣ ከአጠገቡ፣ ለአንድ ሰው የምትበቃ ቦታ ለቀቀላት።