ላሟን እንሽጣት

ላሟ ዛሬም ሳትታለብ ልትውል ነው። ሚጣ ይህ ትዝ ያላት ወንዙ ዳር ቆማ፣ አንድ እልኸኛ ዓሣ መንጠቆውን ይዞ ሲጎትታት ነበር። የጌሙ ስክሪን ጥግ ላይ ያለችው ፀሐይ ማዘቅዘቅ ጀምራለች። ዓሣውን ትታ ወደ ጋጣው ሮጠች። ግማሽ መንገድ ላይ ደግሞ ዱባዎቹ ውሃ እንዳላገኙ አስታወሰችና ወደ ማሳው ታጠፈች። ማጠጫው ባዶ ነው። ወደ ጉድጓዱ ስትበር፣ ያቺ ባርኔጣ ያጠለቀች ትንሽ ገበሬዋ ጉልበቷ አለቀና መንገድ ላይ በግንባሯ ተደፋች። ስክሪኑ ጨለመ። «ደክመሽ ወድቀሻል» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

«አውቃለሁ!» ብላ ጮኸችበት።

በጎን ካለው ክፍል የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። «ማንን ነው የምትቆጪው?» አለች እናቷ።

«ማንንም።»

«እንግዲያው ማንንም ተቆጥተሽ ስትጨርሺ ነይና እነዚህን ቁልፎች ትከዪልኝ። ዩኒፎርሞቹ ሰኞ ይወሰዳሉ።»

«እሺ እማ፣ አንዴ!»

«አንዴሽን ከጠዋት ጀምሮ እየሰማሁት ነው።»

መጀመሪያ እንዲህ አልነበረም። እርሻውን ከታላቅ ወንድሟ ጋር ሲጀምሩት ሥራው ድንጋይ መልቀምና ጉቶ መንቀል ብቻ ነበር። እዚሁ ኮምፒውተር ፊት ትከሻ ለትከሻ ተጣበው ተቀምጠው፣ «አንተ ልቀቅ»፣ «አንቺ ልቀቂ» እየተባባሉ ይጫወቱ ነበር። የመጀመሪያው ድንች የበቀለ ቀን አብረው ሲጮኹ ጎረቤታቸው በመስኮት ብቅ ብሎ «ማን አገባ?» ሲል ጠይቋቸዋል።

ከዚያ ወንድሟ ሌላ ከተማ ማተሚያ ቤት ውስጥ ሥራ አገኘና ሄደ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በኢንተርኔት እየተገናኙ ሊጫወቱ ተስማሙ። የጌሙ የመጀመሪያ ደረጃም ያኔ አለቀና ሁሉም ነገር ባንዴ ተከፈተ፦ ላሟ፣ ዶሮው፣ ወንዙ፣ ግሪን ሃውሱ። ሚጣ አንዱንም ይቅርብኝ አላለችም። ወንድሟ ግን አንድ ቅዳሜ ዘገየ፣ በሌላው ቶሎ ወጣ፣ ከዚያ ጭራሽ ቀረ።

ገበሬዋ ከወደቀችበት ተነሥታ አዲስ ቀን ስትጀምር፣ የእሱ ገበሬ በግቢው በር ብቅ አለ። ሚጣ የጆሮ ማዳመጫውን አፈፍ አደረገች።

«ሻምበል!» አለች። ከልጅነቱ ጀምሮ ማዘዝ ስለሚወድ የምትጠራው እንዲህ ነው። «የት ጠፋህ?»

«አለሁ ሚጣዬ። ቆይ... ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?»

ግማሹ ዱባ ጠውልጓል። ዶሮዎቹ ተርበው አጥሩ ላይ ተለጥፈዋል። ግሪን ሃውሱ ውስጥ ያለው ባዶ አፈር ነው። ከበስተጀርባው የንብ ቀፎ ተደርድሯል።

«ንብ ደግሞ ምን ያደርግልናል?»

«ተከፈተ፣ ገዛሁት።»

«የተከፈተ ሁሉ ይገዛል እንዴ? ስሚኝ፣ መቅደም ያለበትን እናስቀድም። መጀመሪያ የመስኖ ቧንቧ እንዘርጋ፤ ጠዋት ጠዋት ከመሮጥ ትድኛለሽ። ዓሣውን ተይው። ላሟን እንሽጣት።»

«ላሟን?!»

«በየቀኑ ሰው ትፈልጋለች። በእሷ ፋንታ የፍራፍሬ ዛፍ እንተክላለን። ዛፍ ብትጠፊበትም አይቀየምሽም።»

የሚጣ ፊት ጋለ። «ላንተማ ቀላል ነው። ጥሎ መሄድ ታውቅበታለህ።»

ከወንድሟ ኋላ የማሽን ጩኸት ተሰማት። እስካሁን ልብ አላለችውም ነበር።

«ሥራ ቦታ ነኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዕረፍት ወጥቼ ነው በስልክ የገባሁት። የመማሪያ መጻሕፍት ሥራ መጣና ቅዳሜም ፈረቃ ተሰጠኝ። ይህንኑ ልነግርሽ ነው። ከእንግዲህ ቅዳሜ አልችልም።»

«እስከ መቼ?»

«እኔ እንጃ።»

«ታዲያ ላሜን አሽጠህ ልትሰናበተኝ ነው የመጣኸው?»

«እንደሱ አላልኩም...» አንድ ሰው ከሩቅ ጠራው። «መጣሁ!» አለ ለሰውየው። ለእሷም «እስቲ አስቢበት፣ እሺ?» ብሏት ወጣ። ገበሬው በሩ ላይ ትንሽ ተገትሮ ቆየና እልም አለ።

ሚጣ ማዳመጫውን ወርውራ ወደ እናቷ ክፍል ገባች። የዩኒፎርሞቹን ክምር ጉልበቷ ላይ ጎትታ ቁልፍ መትከል ጀመረች። ከንዴቷ የተነሣ ክሩን መርፌው ዓይን ውስጥ ማስገባት አቃታት።

«ሻምበል ቅዳሜ አልችልም አለ» አለች።

«ነግሮኛል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እኔው ልንገራት አለ። እንዴት አድርጌ ልንገራት እያለ ሲጨነቅ ሰነበተ።» እናቷ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ለመሆኑ እጁ ተሻለው?»

«እጁ ምን ሆነ?»

«ወረቀቱ ጣቶቹን ቆራርጦት በፋሻ ጠቅልሎ ነው የሚሠራው። አልነገረሽም?»

«አልጠየቅኩትም» አለች ሚጣ።

መርፌውን ያዝ እንዳደረገች ቀረች። በተገናኙ ቁጥር ያወሩት ስለ ዱባ ነበር። ንቦቹንም የገዛችው ንብ ወዳ አይደለም፤ አዲስ ነገር ካየ ትንሽ ይቆያል ብላ ነው። የትኛዋ ዶሮ ስንት እንቁላል እንደምትጥል ጠንቅቃ ታውቃለች። ወንድሟ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ የሚተኛበት ክፍል መስኮት ይኑረው አይኑረው ግን አታውቅም። አሁንም ተናዳለች። በማን እንደሆነ ግን መለየት አቃታት።

ቁልፎቹን ጨርሳ ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰች። ላሟን አለበች። ለዶሮዎቹ ጥሬ በተነች። ወደ ወንዙ አልሄደችም። ማጠጫውን ይዛ ዱባዎቹ ጋ ስትደርስ ቆመች። ዛሬም ካልጠጡ ይደርቃሉ። ምን ያህል ደክማባቸዋለች! «ይድረቁ» ብላ ማጠጫውን መሬት ላይ አስቀመጠችና፣ ስክሪኑ ላይ ፀሐይዋ ገና አናት ላይ እያለች ኮምፒውተሩን ዘጋች።

«እማ፣ ሻምበል ከሥራ መቼ ነው የሚወጣው?»

«ፀሐይ ስትጠልቅ። ምነው?»

«ልደውልለት ነው።»

እናቷ ከመኪናው ላይ ቀና ብላ አየቻት። «ምን ልትይው?»

ሚጣ አሰበች። «እንጃ» አለች። «መጀመሪያ እሱ ያውራ።»