የየኔታ ቅኔና የእኔ ጌም

ወዳጄ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር እወቅልኝ፤ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ከሁሉ ቀድሜ የምስቅ ሰው ነኝ። የሥራ ባልደረቦቼ ስለ ዛርና ስለ ቡዳ ባነሡ ቁጥር «ራት ሳትበሉ ተኝታችሁ ነው» እያልኩ ሳበሽቃቸው ነው የኖርኩት። ይህ የምነግርህ ግን በጨለማ የሆነ ነገር አይደለም፣ እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ራት ሳይሆን ምሳ በልቼ፣ በገዛ ጆሮዬ የሰማሁት ነው፤ ብታምነኝ ደስ ይለኛል፣ ባታምነኝም አልቀየምህም።

የኔታ የቅኔ መምህሬ ነበሩ። ልጅ ሳለሁ ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው ኮሶዬ እሳቸው ዘንድ ሁለት ዓመት ቅኔ ተምሬ፣ ትቼው ከተማ ገባሁ፣ አሁን ፀዳ ሰፈር ቤት ተከራይቼ ጎንደር የሕንፃ ዕቃ መሸጫ ውስጥ እሠራለሁ። የኔታ ዓይናቸው ከጠፋ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ዘንድሮ ታመው አልጋ ሲይዙ፣ የሚያስታምሟቸው እኅታቸው እማሆይ ስንዱ ደወሉልኝ።

«ምነው ልጄ፣ ጠፋህሳ! የኔታ ቅኔዬን የሚጽፍልኝ ሰው ፈልጉልኝ እያሉ ነው። በዚያ በስልክህ መጻፍ ትችል የለም?»

ነገሩ እንዲህ ነው፤ የኔታ ዕድሜ ልካቸውን ያፈለቁት ቅኔ አንዱም ወረቀት ላይ የለም፣ ሁሉም ያለው በሳቸው ራስ ውስጥ ነው፣ እሳቸው ካለፉ አብሯቸው ያልፋል። ደግሞ አንዴ ያሉትን መልሰው አይሉም፣ ተማሪ ሳለንም ድገሙልኝ ማለት ነውር ነበር። እኔም በየእሑዱ እየመጣሁ እጽፋለሁ ብዬ ቃል ገባሁ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት እሑድ እንደ ሰው ጻፍኩ።

በዚያ ሰሞን ታዲያ ስልኬ ላይ የጠፈር ውጊያ ጌም ጭኜ ነበር፣ በማላውቀው ኮከብ ዙሪያ መርከብ እየነዳሁ የጠላትን መርከብ በሌዘር የማነድበት፣ ዳታ የማይጠይቅ፣ ሰው የሚያሳብድ ጌም። ሠላሳ ዓመት ያለፈኝ ሰውዬ ሽንት ቤት ሳይቀር ይዤው እገባ ነበር። በሦስተኛው እሑድ የኔታ በሁለት ቅኔ መካከል ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ሲሉ፣ እስኪያስታውሱ ድረስ ብዬ ድምፁን አጥፍቼ ከፈትኩት፣ እሳቸው ሲጀምሩ ግን አልዘጋሁትም። ልብ በልልኝ፣ ለማያይ ሰው መጻፉም መጫወቱም አንድ ነው፣ የሚሰማው ጣት መስታወት ሲነካ ብቻ ነው። «ጻፍህ?» ሲሉኝ «ጽፌያለሁ የኔታ» እላለሁ። አምስት እሑድ እንዲህ አደረግሁ፣ ይህን ስነግርህ እንኳ ፊቴ ይግላል።

ከዚያ ትንንሽ ነገሮች ጀመሩ። መርከቤ በተመታች ቁጥር የኔታ ቃላቸውን ያቋርጣሉ፣ እንደገና ስጀምር እሳቸውም ይቀጥላሉ። ድካም ነው አልኩ። አንድ ቀን ደግሞ ስክሪኑ በፍንዳታ ቦግ ሲል ያ የጠፋ ዓይናቸው ጭፍን ሲል አየሁ። ዝንብ ነው አልኩ፤ በኮሶዬ ብርድ ዝንብ ከየት ይመጣል፣ እኔ ግን ዝንብ ነው አልኩ።

የመጨረሻው እሑድ እማሆይ ላሟን ሊያጠጡ ወጥተው እኔና የኔታ ብቻችንን ነበርን። ትራሳቸውን ደገፍ አሉና «ዛሬ አንዲት የቀረችኝን ነው የምነግርህ። ለማንም ያላልኋት ናት፣ አደራ» አሉኝ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ከእግራቸው በኩል ተቀምጫለሁ፣ ዓይን ላለው ሰው እንኳ ከአልጋው ላይ ስክሪኔ አይታይም። ሳምንቱን ሙሉ ያቃተኝ ደረጃ ላይ ነበርኩ። እሳቸው በግዕዝ ቀስ እያሉ ያወርዳሉ፣ እኔ እተኩሳለሁ። ድንገት ግዕዙን አቋረጡና በተራ አነጋገር፣ «ከኋላህ ሁለት መጡብህ፤ በግራ ዙር» አሉ።

እመነኝ፣ ሳላስብ ዞርኩ፣ ተማሪያቸው አይደለሁ! ጌሙ ከኋላ የሚመጣውን አያሳይም፣ ስዞር ግን ሁለት ቀያይ መርከቦች አፍንጫዬ ሥር ደርሰዋል። መታኋቸው። ያ ያቃተኝ ደረጃ አለፈ፣ እኔ ግን ስልኩን ጉልበቴ ላይ ደፋሁት። የኔታ ምንም እንዳልተፈጠረ ግዕዛቸውን ካቆሙበት ቀጥለው ጨረሱ፣ እኔ አንዲት ቃል አልያዝኩም።

«ጻፍሃት?» አሉኝ።

ያን ጊዜ እውነቱን መናገር እችል ነበር፤ እግራቸው ላይ ብወድቅ ልማዳቸውን ጥሰው ይደግሙልኝ ነበር ብዬ አስባለሁ። ፈራሁ፣ አፈርኩም፣ «ጽፌያታለሁ የኔታ» አልኩ።

«ሸጋ» አሉ።

ረቡዕ ዐረፉ። በአርባቸው ቀን ሕዝቡ ሲበተን እማሆይን ወደ ጥግ ወስጄ ሁሉንም ተናዘዝኩ፣ ስልኬ ላይ ያለው የሁለት እሑድ ብቻ ነው አልኳቸው። ጌም እንደምጫወት ለየኔታ ነግረዋቸው እንደሆነም ጠየቅኋቸው።

«ጌም ደግሞ ምንድን ነው?» አሉኝ። ሳስረዳቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉና፣ «ሊያርፉ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ ሰኞ ዕለት ከሳንጃ አንድ መሪጌታ መጥቶ ነበር» አሉ፣ «ቅኔዎን ልጻፍ ብሎ ደብተርና እስክርቢቶ ይዞ። የኔታ ግን ልጄ ሁሉንም ጽፎልኛል፣ አትድከም ብለው መርቀው ሰደዱት።»

እንግዲህ አንተው ፍረደኝ። ከኋላዬ የመጡትን መርከቦች ያዩ ሰው፣ ከሦስተኛው እሑድ ጀምሮ ስልኬ ላይ አንድ ፊደል እንዳልጻፍኩ አላዩም? ካዩስ መሪጌታውን ለምን መለሱት? ለእኔ አፍረው ነው ወይስ ሊቀጡኝ? ስንት ጊዜ አውጥቼ አውርጄዋለሁ።

እማሆይ ለማንም አልተናገሩብኝም። የየኔታ ተማሪዎች ቅኔው እኔ ዘንድ እንዳለ ከመሪጌታው ስለሰሙ ግን ከየደብሩ ይደውሉልኛል። ትናንት አንዱ «የመጨረሻዋን ብቻ አንብብልኝ፣ እየጻፍኩ ነው» አለኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ዝም አልኩ፤ እሱም ሳይዘጋ ይጠብቀኝ ነበር።